የድመቱ ሳህን ድረስ የሄደችው እሷ ናት፦ ስለ «ወይዘሮ ፍሪስቢ» ለቀረበው ነቀፋ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በወላጆችና በመምህራን መካከል አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። የሚነቅፈው «ወይዘሮ ፍሪስቢና የኒም አይጦች» የተባለውን የልጆች ልብ ወለድ ነው። ጸሐፊው መጽሐፉ ከልጆች መደርደሪያ ይነሳ ይላሉ። ምክንያታቸውንም ዘርዝረዋል፦ አስማት ያስተምራል፣ እንስሳን ማናገር ባህላችን አይደለም፣ አይጥ የገበሬ ጠላት ናት፣ ጀግና የተባለችውም ራሷ የሠራችው ነገር የለም፣ ታሪኩ ልጅ ያስፈራል፣ ጊዜውም ለትምህርት ቢውል ይሻላል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰፈራችን ልጆች መጽሐፍ የማነብ ሰው ነኝ። ይህንንም መጽሐፍ ከእንግሊዝኛው ላይ በቃል እየተረጎምኩ ከዳር እስከ ዳር አንብቤላቸዋለሁ። ስለምወደው መጽሐፍ ያልሆነው ሲነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ላላነበበ ሰው ታሪኩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ወይዘሮ ፍሪስቢ ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆች የምታሳድግ ትንሽ የማሳ አይጥ ናት። የብርዱን ወራት የምታሳልፈው ፊትዝጊበን በተባለ ገበሬ ጓሮ፣ አፈር ውስጥ በተቀበረ ብሎኬት ውስጥ ነው። ልጇ ቲሞቲ የሳምባ ምች ይዞት ተኝቷል፤ ብርድ ካገኘው አይተርፍም ተብላለች። መሬቱ መለስለስ ሲጀምር ደግሞ ገበሬው ሊያርስ ተነሳ። ቤታቸው ውስጥ ከቆዩ ማረሻው ይፈጃቸዋል፣ ከወጡ ልጇ ይሞታል። መላ ፍለጋ በቁራ ጀርባ ተሳፍራ ጉጉት ዘንድ ትሄዳለች፤ ጉጉቱም ከጽጌረዳ ቁጥቋጦ ሥር ወደሚኖሩ ትልልቅ አይጦች ይልካታል። እነዚህ አይጦች ከቤተ ሙከራ ያመለጡ፣ ማንበብ የሚችሉ ናቸው። «ኒም» የሚለው ስም የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ምህጻር ነው። መጽሐፉን ሮበርት ሲ. ኦብራየን ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1971 ታተመ፤ በማግስቱ ዓመት፣ በ1972፣ በአሜሪካ ለልጆች መጽሐፍ የሚሰጠውን የኒውበሪ ሜዳሊያ ተሸለመ።

ከአስማቱ ልጀምር፤ ጸሐፊው ከሁሉ አጥብቀው የያዙት እሱን ነውና። «አይጧ የሚያበራ ሐብል አጥልቃ፣ ቤቷን በአስማት ኃይል ከጭቃ ታወጣለች፤ ይህን ያነበበ ልጅ በክታብ ቢያምን ማን ይጠየቃል?» ይላሉ። እንዲህ ያለ ነገር መጽሐፉ ውስጥ የለም። ሐብሉ ያለው ዶን ብሉዝ እ.ኤ.አ. በ1982 ባዘጋጀው የካርቱን ፊልም ውስጥ ነው። ፊልሙ የእናቲቱን ስም እንኳ «ብሪስቢ» ብሎ ለውጦታል፤ ጸሐፊውም በጽሑፋቸው ውስጥ የሚጠሯት በዚሁ ስም ነው። የአይጦቹ መሪ ኒቆዲሞስ በሤራ መገደሉን እንደ ክፉ ምሳሌ ጠቅሰዋል። እሱም የፊልሙ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ኒቆዲሞስ አይሞትም። መጽሐፉ ላይ ቤቱ የሚነሳው በቁፋሮ፣ በገመድና በብዙ ትከሻ፣ ሌሊቱን በተሠራ ሥራ ነው። አይጦቹን አዋቂ ያደረጋቸውም ድግምት ሳይሆን የተመራማሪዎች መርፌ ነው፤ ማንበብንም ፊደል በፊደል ተምረውታል። ስለዚህ ይህ ነቀፋ ቢነሳ ለፊልሙ ይነሳ። መጽሐፍ ከመደርደሪያ ይነሳ ብሎ የሚፈርድ ሰው ግን ቢያንስ መጽሐፉን ማንበብ ነበረበት። ይህን የምለው ጸሐፊውን ለማሳፈር አይደለም። እንዲህ ያለው ጥሪ ወላጅ ጆሮ ሲደርስ ልጅ እጅ ላይ ያለ መጽሐፍ እንዲነጠቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋቸው እንስሳ እንደ ሰው ሲናገር ማሳየት ልጅን መዋሸት ነው፣ ከባህላችንም ውጭ ነው የሚል ነው። ይህ አሳዘነኝ። ልጆቻችን አፋቸውን ሲፈቱ ጀምረው «ተረት ተረት» ስንላቸው «የላም በረት» ይሉናል። እመት ጦጢት አያ ጅቦን ስትሸውድ እየሰሙ ነው እንቅልፍ የሚወስዳቸው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ በቴሌቪዥን ሲያሳድጉን አንበሳውም ቀበሮዋም ይናገሩ ነበር፤ ማናችንም ተዋሸን አላልንም። ከተረትም እንለፍ። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 22 ላይ የበለዓም አህያ አለች። ሰይፉን መዝዞ መንገድ ላይ የቆመውን መልአክ ነቢዩ ሳያየው እሷ ታየዋለች፤ ከመንገዱ እየወጣችም ታድነዋለች፤ እሱ ሦስት ጊዜ ይመታታል። በመጨረሻ አፏ ተከፍቶ ምን በደልኩህ ብላ ትጠይቀዋለች። መልአኩም ባትመለስ ኖሮ በለዓምን ገድሎ እሷን ይተዋት እንደነበር ይናገራል። ደፋር ሴት እንስሳ በዚህ አገር ከ1971 በፊት አልታወቀችም የሚል ሰው ይህን ምዕራፍ ደግሞ ያንብበው።

ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሮ ዘጌ የወረደ ሰውም የአድባራቱን ግድግዳ አይቷል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ስድሳ አንበሳና ስድሳ ነብር ይዘው ኖሩ በሚለው ገድላቸው መሠረት በአራዊት መካከል ቆመው ይሣላሉ፤ የተጠማችም ወፍ ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። ልጆች እዚያ ሥዕል ፊት ሲቆሙ የሚጠይቁት ስለ ወፏ ነው። ከግሪክ ወደ ግእዝ ከጥንት የተመለሰው ፊሳልጎስም ከዳር እስከ ዳር በእንስሳት ባሕርይ የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። እንስሳን አስመስሎ ስለ ሰው መናገር ለኛ እንግዳ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ የጸሐፊው ቁጭት ይገባኛል። «አይጥ የገበሬውን እህል እየፈጀች፣ ልጆቻችን ለአይጥ እንዲያለቅሱ ማድረግ በገበሬው ላይ መቀለድ ነው» ብለዋል። በጣና ዙሪያ፣ ሩዝ በሚታፈስበት ፎገራም በቆሎ በሚወቃበት ሜጫም፣ ጎተራ ውስጥ የገባች አይጥ ምን እንደምታደርግ እኔም አውቃለሁ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ያልነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ይህ መጽሐፍ ጸሐፊው ካነሱት ጥያቄ የሚሸሽ አይደለም፤ ጥያቄውን ራሱ መሃሉ ላይ አስቀምጦታል። የኒም አይጦች የገበሬውን መብራት ስበው፣ እህሉን ወስደው የሞላ ኑሮ ይኖራሉ። አሳንሰር እንኳ አላቸው። ከዚያ መሪያቸው ኒቆዲሞስ ይህ ሁሉ የሌላ ሰው ነው፣ እኛ ሌቦች ነን ይላል። (ልጆቹ ስሙን ከዓቢይ ጾም ሰባተኛ እሑድ ስለሚያውቁት ወዲያው ወደዱት።) የተሰረቀውን ምቾት ጥለው፣ ሰው ወደማይደርስበት የእሾህ ሸለቆ ሄደው፣ አርሰውና ዘርተው ሊኖሩ ይወስናሉ። ጄነር የተባለው ጓደኛቸው እህሉና መብራቱ ሞልቶ ሳለ ምን አስለፋን ብሎ ተከታዮቹን ይዞ ይለያቸዋል። በኋላ በአንድ የዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ሞተር ሊሰርቁ ሲሉ በኤሌክትሪክ ተይዘው የሞቱ አይጦች ወሬ ይሰማል፤ እነሱ ሳይሆኑ እንደማይቀርም ይገመታል።

ሰርቶ መብላትን ከዚህ በላይ በቁም ነገር የያዘ የልጆች መጽሐፍ በበኩሌ አላነበብኩም። ገበሬው ፊትዝጊበንም ክፉ ሰው ሆኖ አልተሣለም፤ ማሳውን የሚጠብቅ፣ ቤተሰቡን የሚመግብ ሰው ነው። ልጅ እዚህ ላይ ሁለት እውነት በአንድ ጊዜ መያዝ ይለምዳል፦ አራሹ ማረስ አለበት፣ እናቲቱም ልጆቿን ማዳን አለባት። በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሬት አይታረስም ከሚባልበት ከዘጌ የመጣች አንዲት ልጅ አብራን ነበረች። ሞፈር ቀንበር ቤታቸው አይታወቅም፤ ማረሻው ወደዚያ ብሎኬት ሲቃረብ ግን እንደ ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ተጨነቀች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጸሐፊው «ቤቱን ያዛወሩት አይጦቹ ናቸው፣ መድኃኒቱን የቀመመው ሽማግሌው አይጥ ሚስተር ኤጅስ ነው፣ መላውን የነገራት ጉጉቱ ነው፤ እሷ ለምና ለምና አገኘች እንጂ ምን ጀግንነት አላት?» ይላሉ። ይህ ከነቀፋዎቹ ሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ከአንዲት ገጸ ባሕርይ አልፎ ጀግና ብለን ማንን እንደምንጠራ ይነካል።

እስቲ ጀግንነቷን ከሥሩ እንየው። ወይዘሮ ፍሪስቢ ከተራ የማሳ አይጥ የተለየ ኃይል የላትም። መርፌውን አልተወጋችም። ማንበብ የምትችለው ባሏ ያስተማራትን ጥቂት ነገር ብቻ ነው። ሰይፍ የላትም፣ ትንቢት አልተነገረላትም። ያላት የታመመ ልጅ ነው። ወደ ጉጉቱ ስትሄድ ጉጉት አይጥ እንደሚበላ ታውቃለች። ቁራው ገመድ ተጠላልፎበት ሲንፈራገጥ ያገኘችው ገና ከመድኃኒት ፍለጋ ስትመለስ ነው፤ ድመቱ እየተጠጋ ሳለ ቆማ ገመዱን በጥርሷ በጥሳ አድናዋለች። ለማታውቀው ወፍ ነው ይህን ያደረገችው። ጉጉቱ ዘንድ የወሰዳትም በዚህ ምክንያት ነው። ያገኘችውን እርዳታ ሁሉ ወደ ኋላ ተከትለን ብንሄድ አስቀድማ የሠራችው መልካም ሥራ ላይ፣ አለዚያም ባሏ ጆናታን የሠራው ላይ እንደርሳለን።

ከዚያ ድመቱ ይመጣል። አይጦቹ ሌሊት ወጥተው ብሎኬቱን እንዲያነሱ ድራጎን የተባለው ድመት መተኛት አለበት፤ እንዲተኛ ደግሞ ምግቡ ውስጥ የእንቅልፍ ዱቄት መጨመር አለበት። ወደ ገበሬው ማድ ቤት የሚያስገባው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ትልልቆቹ አይጦች አያልፉም። ሥራውን የሚያውቀው ሚስተር ኤጅስ እግሩ ተሰብሯል። የራሷ ባል የሞተውም ይህንኑ ዱቄት ሊጨምር ሄዶ፣ በዚሁ ድመት እጅ ነው። ይህንን ሰምታ ነው እኔ እሄዳለሁ ያለችው።

ያቺ ምዕራፍ ላይ ደራሲው አይቸኩልም፤ እኔም ሳነብ አልቸኮልኩም። ከቁምሳጥኑ ሥር ሆና የገበሬውን ሚስት እግር ታያለች። ሳህኑ ወለሉ ማዶ ነው፤ መሃሉ ባዶ ነው፣ መደበቂያ የለም። በወረቀት የተጠቀለለውን ዱቄት ይዛ ትሮጣለች፤ ትደፋለች፤ ትመለሳለች። ሥራው አልቋል። ልክ ልትደርስ ስትል የገበሬው ትንሽ ልጅ ቢሊ የምግብ ማጥለያ ይደፋባትና ትያዛለች። የወፍ ማኖሪያ ሽቦ ቤት ውስጥ ታስራ፣ ቲሞቲን እያሰበች፣ የቤተሰቡን ወሬ ትሰማለች፤ ከወሬያቸውም አይጦቹን በመርዝ ጋዝ ሊያጠፉ ሰዎች እየመጡ መሆኑን ታውቃለች። ከኒም አይጦች አንዱ የሆነው ጀስቲን ሌሊት መጥቶ ሲያስፈታት ይህን ዜና ይዛለት ትወጣለች። እሷ ማድ ቤት ባትገባ ኖሮ ልጇም አይድንም፣ ያ ሁሉ የአይጥ ሕዝብም ሳያውቀው ያልቅ ነበር።

እኛ ዘንድ የታወቀ ጥያቄ አለ፦ በድመት አንገት ላይ ቃጭሉን ማን ይሰር? አይጦቹ ተሰብስበው ይመክራሉ፣ ሐሳቡን ሁሉም ያመሰግናል፣ አድራጊ ግን ይጠፋል። ከልጅነታችን ጀምሮ ይህ ወሬ የሚያልቀው ሁሉም ዝም ሲል ነው። ይህች አይጥ ግን ተነስታ እኔ አለች። ጸሐፊው «ምን ሠራች?» ላሉት መልሴ ይኸው ነው።

እየፈራች መሄዷንም እንደ ጉድለት ቆጥረውባታል፤ «በየገጹ የምትንቀጠቀጥ ጀግና» ብለዋታል። ይህንኑ ጥያቄ ለልጆቹ አቅርቤላቸው ነበር። አንድ ልጅ «ከፈራች ጀግና አይደለችም» አለ። አባቷ በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ልጅ ቀበል አድርጋ «አባቴም ማዕበል ሲነሳ ይፈራል፤ ግን መረቡ ውኃ ውስጥ ካደረ ይሄዳል» አለችው። ልጁ ትንሽ አሰበና «እሱማ መረቡ ስለሆነ ነው» አለ። «እሷም ልጇ ስለሆነ ነው» አለችው። ክርክሩ በዚህ አበቃ፤ እኔ የምጨምረው አልነበረኝም። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ጣና ላይ የሚወጣ ሰው ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ጉማሬውንም ያውቃል። ልጆቻችን የሚያዩት ድፍረት እንዲህ ያለ ነው። ፍርሃት የማያውቅ ጀግና ብቻ ካነበብንላቸው፣ ፈርቶ የሚወጣውን አባታቸውን በምን ይመዝኑታል?

ጸሐፊው አንድ ነገር ላይ ልክ ናቸው። ወይዘሮ ፍሪስቢ የራሷ ስም የላትም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በባሏ ስም ትጠራለች። በአገራችን ሴት አግብታ የአባቷን ስም አትለውጥምና ልጆቹ ደጋግመው «እሺ፣ ስሟ ማነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ የምሰጣቸው መልስ አልነበረኝም፣ መጽሐፉም አይሰጥም። እኔ ደግሞ ሌላ ጉድለት እጨምራለሁ፦ መሃሉ ላይ ኒቆዲሞስ ከኒም ያመለጡበትን ታሪክ ብዙ ምዕራፍ ወስዶ ይተርካል፤ እሷ ቁጭ ብላ ታዳምጣለች። የቤተ ሙከራው ታሪክ ግሩም ነው፤ ሆኖም የዋናዋ ባለታሪክ ጉዞ እዚያ ላይ ቆሞ ይቆያል፤ ሲነበብም ልጆች ቲሞቲስ እያሉ ያቋርጣሉ። እንዲህ ያለውን ጉድለት አንስቶ መውቀስ ተገቢ ነው። መጽሐፉን ለመጣል ግን ምክንያት አይሆንም።

ስለ ማስፈራቱ። «የታመመ ልጅ፣ የሞተ አባት፣ የመርዝ ጋዝ፤ ይህ ለልጅ ነው?» ብለዋል። አዎ፣ ለልጅ ነው። የሳምባ ምችና ወባ በሚታወቁበት ከተማ ውስጥ የወንድሙን ትኩሳት እናቱ ሌሊቱን ሙሉ በእጇ እየዳሰሰች ስትጠብቅ ያላየ ልጅ ጥቂት ነው። የቲሞቲ አልጋ አጠገብ የምትቀመጠውን እናት ያውቋታል። መጽሐፉ ያልነበረ ፍርሃት አላመጣባቸውም፤ የነበረባቸውን እንዲናገሩት ዕድል ሰጣቸው። ቲሞቲም ይድናል፤ ጸሐፊው ይህን ሳይጠቅሱ ማለፋቸው አግባብ አይመስለኝም። በጋዙ ጊዜ ሁለት አይጦች ጉድጓድ ውስጥ ይቀራሉ። ከሁለቱ አንዱ ጓደኛውን አውጥቶ ራሱ የቀረ ነው። ያ አይጥ የምንወደው ጀስቲን ይሁን ሌላ፣ መጽሐፉ ቁርጡን አይናገርም። ልጆቹ በዚህ ተናደዱ፣ ተከራከሩ፣ ገሚሶቹ «ጀስቲን አልሞተም» ብለው ማሉ። ሲወጡም በመንገዱ ሁሉ ስለሱ ነበር የሚያወሩት። ከፍርሃት የደነገጠ ልጅ እንዲህ አያወራም።

የመጨረሻው ነጥብ ጊዜው ለትምህርት ይዋል፣ ካነበቡም የራሳችንን ተረት ያንብቡ የሚል ነው። በግማሹ እስማማለሁ። ከጣና ዳር የተነሳ፣ ታንኳና ደሴት ያለበት፣ በአማርኛ የታሰበ ረጅም የልጆች ጀብዱ እጅግ ያስፈልገናል፤ የሚጽፈው ቢገኝ ቀድሜ የማነበው እኔ ነኝ። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ለመጻፍ የሚነሳው ልጅ ዛሬ ረጅም ታሪክ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መከተል የለመደ ልጅ ነው። ተረታችን በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ውበቱም እዚያ ላይ ነው። ልብ ወለድ ግን ልጅ የጀመረውን ሳምንታት እንዲሸከም ይጠይቀዋል። ሁለቱ አይጣሉም። ስለ ትምህርቱም፣ እኛ ጋ ከሚመጡት ልጆች መካከል የመማሪያ መጽሐፉን ለዚህ ብሎ የተወ አላየሁም፤ ያየሁት ቅዳሜ እስኪደርስ መጠበቅ አቅቷቸው እንግሊዝኛውን በራሳቸው ለመፍታት የሞከሩትን ነው።

እንግዲህ መጽሐፉ ይነሳ ለሚለው ጥሪ መልሴ አይነሳ ነው። ዕድሜን በተመለከተ ግን ለጸሐፊው ስጋት ቦታ እሰጣለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በታች ላለ ልጅ ብቻውን እንዲያነበው አልሰጠውም። የቤተ ሙከራውንና የጋዙን ምዕራፎች አዋቂ አጠገቡ ሆኖ ጮክ ብሎ ቢያነብለት ይሻላል፤ ልጁ ሲያቋርጥም ይቁምለት፣ ይመልስለት። እኛ ጋ እንዲህ ነው የተነበበው። ጸሐፊው ፈቃዳቸው ከሆነ አንድ ቅዳሜ ይምጡና ነቀፋቸውን ለልጆቹ ራሳቸው ያቅርቡላቸው። እሳቸው በተናገሩበት ሰዓት ልክ ልጆቹም መልስ ለመስጠት ዕድል ይኖራቸዋል።